የጩዎል እግር

"ይሄ አይደለም" አለ አቤኔዘር ማዳመጫውን ከጆሮው እያወረደ። "ብሮ፣ ይሄ አይደለም አልኩህ።"

ኦፒው ጊታሩን እንዳንጠለጠለ ቆመ። ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ ክሮቹ ላይ ያርፋል። የሆቴሉ አዳራሽ ቬንትሌተር የሚሽከረከረው ለወጉ ነው፤ የሚያዞረው ነፋስ ሳይሆን ዝንብ ነው። ያን ቀን ጋምቤላ ገበያ ውስጥ ከአንዲት ሴትዮ እጅ ያመለጠ እንቁላል መሬት ሳይነካ በስሎ ነበር ይባላል። ያየ ሰው አልተገኘም፤ ያላመነ ሰውም አልተገኘም።

"ሌላ ገመድ እንሞክራ" አለ ኦፒው።

"ቀየርን እኮ።"

"እሺ ፒክአፑን ወደ ታችኛው ላድርገው?" አለ፣ ከክሮቹ ሥር ያሉትን ሁለት የድምፅ መያዣዎች እያሳየ።

"የታችኛውንም የላይኛውንም ሰማሁ። የላይኛው ድምፁ ይወፍራል፣ የታችኛው እንደ መርፌ ይወጋል። ሁለቱም ግን ይሄኛው አይደሉም።"

አቤኔዘር "ይሄኛው" ያለው ስልኩ ውስጥ ያለውን ቪዲዮ ነው። አቤኔዘር አዲስ አበባ ውስጥ ስቱዲዮ አለው። ቪዲዮውን በአጋጣሚ አይቶ፣ አንድ የሙዚቃ አሳታሚ አሳምኖ፣ መቅረጫውን በሻንጣ ይዞ በአውሮፕላን ድረስ መጣ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተመላሽ ነው። ኦፒው ይህን ዕድል ለሰፈሩ ሁሉ አውርቶ ጨርሷል። ሆቴሉ በእሱ ፈንታ ኪቦርድ የሚመታ ሰው ከቀጠረ ወዲህ ኑሮው ግድግዳ መቀባት ነው። ጥፍሩ ሥር ያለው ሰማያዊ ቀለም የጤና ጣቢያ ነው፤ ነጩ ደግሞ የትምህርት ቤት። ዛሬ ካልተቀረጸ፣ ነገ ጠዋት ብሩሹን ይዞ መሰላል ላይ ነው።

አቤኔዘር ቪዲዮውን እንደገና ከፈተው። ኒውላንድ ሰፈር፣ ሸራ በተወጠረበት ሰርግ ቤት፣ አቧራ ውስጥ ሰው ይዘላል። የኦፒው እጅ ይታያል። ጊታሩ እንደሌላው ጊታር አይጮህም፤ ያወራል። መጀመሪያ አፉን እንደያዙት ሰው "እምም" ይላል። ወዲያው እንደለቀቁት "ዋ!" ብሎ ይተነፍሳል። መጨረሻው ላይ ደግሞ እንደ ተቀደደ ከበሮ ይንጫጫል። ሰምቶ የማይነሳ ሰው እግሩ የእንጨት ነው።

"ይሄ ድምፅ ከየት መጣ?" አለ አቤኔዘር።

"ከጣቴ ነዋ!"

"ጣትህ ዛሬም አብሮህ ነው። የታለ ታዲያ?"

ኦፒው ጥርሱን ብልጭ አደረገ። እውነት ሲጨንቀው ውሸት ፈጥኖ ይደርስለታል። "ያኔ ክሩ ሌላ ነበር። ባሮ ወንዝ ውስጥ አሳድሬው፣ አዞ አኝኮት ነው። አዞ ያላኘከው ክር አፍ የለውም።"

"እና አዞው የት ይገኛል? አንተን ትቼ እሱን ልቅረጸው።"

በሩ ላይ ተደግፎ የቆመው፣ ከጠዋት ጀምሮ የሚያመላልሳቸው የባጃጅ ሹፌር ሙሐመድኑር ከት ብሎ ሳቀ። "አርቲስት፣ አዞው ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄዷል በለው!"

ከጠዋት ጀምሮ ያልሞከሩት የለም። ከቤተ ክርስቲያን የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላ አዲስ አምፕ ተውሰው መጡ፤ ድምፁ ታጥቦ እንደተሰቀለ ነጠላ ንጹሕ ሆነ፤ አንድ እድፍ የለበትም። አቤኔዘር ራሱ ያመጣውን ውድ ገመድ ሰኩ፤ ይባስ ብሎ ጠራ። ኦፒው ክሮቹ የሚያርፉበትን ብረት በመፍቻ ዝቅ አድርጎ ክሩን ከእንጨቱ ጋር አስቀራረበው፤ ድምፁ ተንጫጫ፣ ግን ንጭንጩ የብረት እንጂ የሰው አልሆነም። ሙሐመድኑር የባጃጁን ስፒከር ፈትቶ አመጣ፤ እሱስ ጭራሽ እንደ ጉንፋናም ፍየል አስነጠሰ።

ኦፒው እያወቀ ነው የሚለፋው። የጎደለው ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ደቂቃ ያውቃል። ጎዶሎው ኒውላንድ ነው ያለው። ስሙም ጩዎል ይባላል።

ጩዎል ኒውላንድ ውስጥ ስልክና ቴፕ ይጠግናል። አምፑን የሠራው እሱ ነው፤ የእርዳታ ዘይት የመጣበትን ትልቅ ቆርቆሮ አንዱን ጎን ቆርጦ የሚኒባስ በር ስፒከር ገጠመበት፣ ከሞተ ቴፕ ያወጣውን ማጉያ ውስጡ ቀበረው፣ በሞተር ሳይክል ባትሪ አስነሳው። ማጉያው ትንሽ ስለሆነ ጊታሩን መሸከም ያቅተዋል፤ ሲያቅተው ያቃስታል፤ ያ ማቃሰት ነው ሰው የሚወድለት። ገመዱ ያረጀ የአንቴና ገመድ ነው፤ ረጅም ስለሆነ ስለታሙ ድምፅ መንገድ ላይ ይቀራል። የኦፒው ፒክአፕ የተቃጠለ ጊዜም፣ ከቬንትሌተር ሞተር በተፈታ ቀጭን የመዳብ ሽቦ መልሶ የጠቀለለለት ጩዎል ነው። እንግዲህ ጊታሩ የኦፒው ነው ብንል እንኳ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ሽቦ የጩዎል እጅ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ድምፁ ገና ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ እግር ነው። ኦፒው ሲጫወት ጩዎል ወንበር ላይ ተቀምጦ ባዶ እግሩን ቆርቆሮው ላይ ያሳርፋል። ሲጫነው ድምፁ ይታፈናል፣ ሲለቀው ይከፈታል፣ በተረከዙ ሲነካው ይንጫጫል። ዜማውን ስለሚያውቀው መቼ እንደሚጫን መቼ እንደሚለቅ ያውቃል። እንዲያውም ኦፒው ቀጥሎ የት እንደሚሄድ እግሩ ቀድሞ ይደርስ ነበር። ጊታሩ የሚያወራው ለዚህ ነው፤ ሁለት ሰው ስለሚያወራበት።

ከዚያ ከተማዋ ታመሰች። ተኩስ ተሰማ፤ ሱቅ ተዘጋ፤ ሰው ወደየሰፈሩ ገባ። ሲረጋጋ ማንም "እዚያ ማዶ አትሂዱ" ብሎ አላወጀም፤ እግር ራሱ አወቀ። ኦፒው አኙዋክ ነው፤ ኒውላንድ አይሄድም። ጩዎል ኑዌር ነው፤ እነኦፒው ሰፈር አይመጣም። ይሄ ብቻ ቢሆን ደህና ነበር። በዚያ ሰሞን ኦፒው ለጩዎል አልደወለም፤ ጩዎልም ለኦፒው አልደወለም። ሁለቱም ስልካቸውን አቅፈው ሌላው እስኪደውል ሲጠብቁ ጊዜው አለፈ። ካለፈ በኋላ መደወል "ደህና ነህ ወይ?" ማለት መሆኑ ቀረና "እስከ ዛሬ የት ነበርክ?" መባል ሆነ።

"ምሳ በልቼ ልምጣ" አለ ኦፒው። "ስበላ ጣቴ ይመለሳል።"

"አንድ ሰዓት አለህ" አለ አቤኔዘር። "ከዚያ ሻንጣዬን እዘጋለሁ።"

ቤት አልሄደም፤ ገበያ ነው የሄደው። ሚስቱ አጅዋንግ ደረቅ ዓሣ ትሸጣለች። ደንበኛ እየሸኘች ፊቱን አየችና ሳይነግራት ገባት።

"እምቢ አለ አይደል?"

"ማን?"

"ጊታሩ ነዋ! ምን ነግረኸው ነው ሰውዬውን?"

"በጣቴ ነው አልኩት።"

"በጣትህ!" አጅዋንግ ከዓሣው ላይ ዝንብ እያባረረች ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልጣመውም። "ጣትህማ ቤት ውስጥ ሚስማር መምታት አይችልም። ለጩዎል ደውል።"

"አልደውልም። እሱስ ለምን አልደወለም?"

"እሱም ይሄንኑ ነው የሚለው።"

ኦፒው ቀና አለ። "አንቺ በምን አወቅሽ?"

"ኛዳክ ነገረችኝ።"

ኛዳክ የጩዎል ሚስት ናት። አጅዋንግ ምንም እንዳልተፈጠረ ዓሣዋን መደርደር ቀጠለች። "በየሳምንቱ እንገናኛለን። እሷ ወተት ታመጣለች፣ እኔ ዓሣ እሰጣታለሁ። እናንተ ስትኮራረፉ እኛ ልጆች ማብላት ነበረብን። ምን ዓይንህን ታፈጣለህ?"

"ሰው ያያችኋል!"

"ይየና! ሁለት ሴት ወተትና ዓሣ ስትለዋወጥ ምን ብሎ ይጽፋል?" ስልኳን ከጡቷ ሥር አወጣች። "ዝም በል አሁን፤ ልደውል ነው።"

ሁለቱ ሴቶች በአማርኛ ነው የሚያወሩት፤ የአንዷ አፍ ለሌላዋ አይገባም፤ አማርኛው ደግሞ የሁለቱም አይደለም። በተዋሱት ቋንቋ ከባሎቻቸው አንደበት በላይ ተግባቡ። አጅዋንግ ስልኩን ዘግታ፣ "ቆርቆሮው ይመጣል። ባጃጅ ላክ" አለችው።

"እሱስ? ምን አለ?"

"ስለ ራሱ ምንም አላለም። ባትሪው ተሞልቷል ብሏል።"

ሙሐመድኑር ሄዶ ቆርቆሮውን ከኋላ ወንበር እንደ ተሳፋሪ አስቀምጦ፣ ሸራ አልብሶ አመጣው። ኦፒው የአንቴናውን ገመድ ሰካ። ጆሮውን አቁሞ አንድ ክር መታ። ቆርቆሮው አቃሰተ።

"ኦ!" አለ አቤኔዘር ከወንበሩ እየተነሳ። "መጣ! መጣ! ግን..."

"ግን ምን?"

"አያወራም።"

ኦፒው በራሱ እግር ጫነው። እጁ ሲሄድ እግሩ ይረሳል፣ እግሩ ሲያስታውስ እጁ ይሰናከላል። ሙሐመድኑር "እስቲ እኔ!" ብሎ ጫማውን አወለቀና ቆርቆሮውን እንደ ፍሬን ረገጠው። ሹፌር ነው፤ ፍሬን ካልሆነ ነዳጅ ነው የሚያውቀው። አቤኔዘርም በተራው ካልሲውን አውልቆ ሞከረ። በትምህርት የተሞረደ ጆሮ ነበረው፤ እግሩ ግን ዜማውን አያውቀውም፤ ሁልጊዜ ከኋላ ይደርሳል። ሦስት ወንዶች በአንድ ዘይት ቆርቆሮ ዙሪያ ባዶ እግራቸውን ሆነው ሲጨቃጨቁ ቡና ልታቀርብ የመጣችው አስተናጋጅ በሩ ላይ አይታቸው ተመልሳ ሄደች።

አቤኔዘር ቪዲዮውን ከፈተና በሁለት ጣቱ አሳደገው። ከሥዕሉ ጠርዝ ላይ፣ አቧራ ለብሶ፣ አንድ ትልቅ ባዶ እግር የሚያብረቀርቅ ነገር ላይ ተቀምጧል።

"እኔ እስከ ዛሬ የጨፋሪ እግር መስሎኝ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ይሄ እግር የማን ነው?"

ኦፒው አዞውን ሊጠራ ፈልጎ ነበር። አዞው አልመጣለትም። "ጩዎል ይባላል።"

"ይምጣ በቃ!"

"እዚህ አይመጣም።"

"እሺ፣ እኛ እንሂድ።"

"እኔ እዚያ አልሄድም።"

አቤኔዘር አንዴ ኦፒውን አንዴ ሙሐመድኑርን አየ። ሙሐመድኑር ትከሻውን ሰበቀ። የሚያውቅ ሰው የማያውቅን ሰው እንደሚያይ አየው። "እንግዳ ስለሆንክ ነው" አለው። "እኔ የትም እሄዳለሁ፤ ባጃጅ ዘመድ የለውም። እነሱ ግን እንደዚያ አይደሉም።"

"እና በዚህ ከተማ የማንም ያልሆነ ቦታ የለም?"

ሙሐመድኑር ጥቂት አሰበና፣ "ኤርፖርት" አለ።

እንደዚህ ሆኖ ነው እንግዲህ አንድ የዘይት ቆርቆሮ፣ ከውስጡ ሽቦ እየወጣ፣ ባትሪ ታቅፎ፣ ወደ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ የሄደው። ኦፒውና አቤኔዘር በኮንትራት መኪና፤ ሙሐመድኑር ደግሞ ወደ ኒውላንድ ተመልሶ፣ ለጩዎል በአጅዋንግና በኛዳክ በኩል በተላከ መልእክት፣ ሰውዬውን ሊያመጣ። ከአራቱ ወንዶች አንዱም ቢሆን ሽቦ የወጣበት ቆርቆሮና ባትሪ ይዞ ወደ አውሮፕላን መጠጋት ምን እንደሚመስል አላሰበም። ሁሉም የሚያስበው ስለ ድምፅ ነበር።

ያሰበው የበሩ ጥበቃ ነው። ገና ከመኪናው ሲያወርዱት ጠመንጃውን አስተካክሎ፣ "ቁም!" ብሎ ጮኸ። "ምንድነው እሱ?"

"አምፕ ነው" አለ ኦፒው።

"ምን?"

"ጊታር... ጊታር የሚጮህበት።"

"ዘይት ተጽፎበታል እኮ!" ጥበቃው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። "ይሄ ሽቦ ምንድነው? ይሄ ባትሪ ምን ይሠራል? ወደዚያ! ወደ ዛፉ! ሁላችሁም!"

ወደ ዛፉ ተወሰዱ። ከአጥሩ ውጪ፣ ከመግቢያው ራቅ ብሎ፣ መንገደኛን የሚያደርስ ሰው የሚያርፍበት አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። አቤኔዘር ሻንጣውን ይዞ፣ የአውሮፕላን ትኬቱን እያሳየ፣ ሲያስረዳ የባጃጅ ድምፅ መጣ።

ጩዎል ወረደ። ረጅም ነው፤ ከባጃጅ ሲወጣ ታጥፎ የነበረ ጃንጥላ የሚዘረጋ ይመስላል። ኦፒውን አየው። ኦፒውም አየው። ሁለቱም እጃቸውን ቶሎ አልዘረጉም፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ዘረጉ።

"ከሳህ" አለ ጩዎል።

"አንተ አልከሳህም።"

"ኛዳክ ዓሣ ታበላኛለች። ከየት እንደምታመጣ አትነግረኝም።"

ኦፒው ሊስቅ ፈልጎ ጉሮሮውን ጠረገ። "አጅዋንግም ወተቱን ከየት እንደምታመጣ አትነግረኝም ነበር።"

ጥበቃው ትዕግሥቱ አልቆ ነበር። "እናንተ! ሰላምታችሁን ተዉትና ይሄ ነገር ምን እንደሆነ አሳዩኝ። አሁን! ካልጮኸ ወደ አለቃ ነው የምሄደው።"

አቤኔዘር የሰማው ይሄንን ነው። ፈጠን ብሎ ሻንጣውን ከፈተ፣ ማይኩን ከዛፉ ቅርንጫፍ አንጠለጠለ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ጣለ። "አሳዩት" አለ። "አሳዩት ጋሼን።"

ጩዎል የዛፉ ሥር ላይ ተቀመጠ። ጫማውን አወለቀ። ያን ትልቅ፣ የተሰነጠቀ፣ የኒውላንድ አቧራ የለበሰ እግሩን ቆርቆሮው ላይ አሳረፈ። ወደ ኦፒው ቀና ብሎ፣ "የሰርጉን?" አለ።

"የሰርጉን።"

ኦፒው መታ። ቆርቆሮው አፉን እንደያዙት ሰው "እምም" አለ። እግሩ ተነሳ። "ዋ!" አለ። ኦፒው ወደ ላይኛው ክር ሊሸሽ ሲያስብ እግሩ ቀድሞት እዚያ ነበር። እየተናደደ ፈጠነ፤ እግሩም ፈጠነ። እያዘነ ዘገየ፤ እግሩም ከብዶ ተኛ። በዚያ ሰሞን ያልተደወለው ስልክ ሁሉ በዚያች ቆርቆሮ ውስጥ ይጮህ ጀመር። አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይመልሳል፤ አንዱ ይከስሳል፣ አንዱ ይክዳል፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱም ዝም ብለው አብረው ይንጫጫሉ። ሙሐመድኑር ባጃጁ ላይ ወጥቶ እጁን ያጨበጭባል። ሻንጣ የሚጎትቱ መንገደኞች ቆሙ። ጥበቃው ጠመንጃውን እንዳነገተ ትከሻው ሳያስበው ትንሽ ትንሽ ተነቃነቀ፤ ሰው ያየበት ሲመስለው ቀጥ አለ።

ሲያልቅ ጥበቃው ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ገፋ አደረገ።

"በቃ፣ ሂዱበት" አለ ጥበቃው። "ፈንጂ አይደለም።"

"ከፈንጂ ይብሳል!" አለ አቤኔዘር። ዓይኑ ዕንባ አቅርሮ ነበር፤ ላብም ሊሆን ይችላል። "ያዝኩት! አንድም ቦታ አልተበላሸም። በአንድ ጊዜ!"

ጩዎል እግሩን ከቆርቆሮው አንስቶ ኦፒውን በክርኑ ጎሰም አደረገው። "ጣት ጥሩ ነው አሁንም።"

"እግርም ጥሩ ነው።"

አቤኔዘር ማይኩን ጠቀለለ፣ ሻንጣውን ዘጋ። ከዚያ ኦፒውን በዓይኑ ጠርቶ ከመኪናው ጀርባ ወሰደው። ጩዎል ከዛፉ ሥር ከእግሩ ላይ አቧራ እየጠረገ ነበር፤ ቅርብ ነው፤ ግን አይሰማም።

"ስማ" አለ አቤኔዘር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ይሄ ይወጣል። እግዚአብሔርን፣ ይወጣል። አሳታሚው አዲስ አበባ ይጠራሃል፤ ስቱዲዮ ትገባለህ። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው። ርዕሱን ጨርሶታል። 'የአኙዋክ ጊታር' ነው የሚለው። ሽፋኑ ላይ ፎቶህን አድርጎበታል።"

"ጥሩ ነው።"

"ስም ላይ ነው ችግሩ። ሁለቱን ስም ካስገባሁ፣ አንድ የእናንተ አንድ የእነሱ፣ ኮሜንቱ ላይ ምን እንደሚሆን አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። አንዱ ይሰድባል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ዘፈኑን የሚሰማ የለም። ሰውዬው እንደዚህ ዓይነት ነገር ከሸተተው እጁን ያወጣል። እኔ ብሆን..." አቤኔዘር ሰዓቱን አየ። "እኔ አልወስንብህም። የእናንተ ጉዳይ ነው። አንተ የምትለውን እጽፋለሁ። ምን ልበል?"

ኦፒው ወደ ዛፉ አየ። ጩዎል ጫማውን ገልብጦ እያራገፈ ከሙሐመድኑር ጋር ይስቃል። ሳቁን ቢያውቀውም ከሰማው ቆይቷል። ከዚያ ነገን አየ፤ መሰላሉን፣ ሰማያዊውን ቀለም፣ አንገቱን ገልብጦ የሚቀባውን ጣሪያ። በሰፈሩ ያወራውን ሁሉ፣ "የት ደረሰ ያ ዘፈንህ?" ብለው የሚጠብቁትን ሰዎች አየ። ስሙ ከጩዎል ስም አጠገብ ተጽፎ ሲያዩ የሚሉትንም አየ። ቅድም ሆቴሉ ውስጥ በዚያች ቆርቆሮ ላይ የሦስት ሰው እግር ተሞክሮ አንዱም እንዳልሠራ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

"እግር ነው እኮ" አለ። "ቆርቆሮ ለመጫን ስም አይጻፍም። የኔን ብቻ ጻፍ።"

አቤኔዘር እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እጁን ጨበጠው፣ ለጩዎልም ከሩቅ እጁን አውለበለበ፣ ሻንጣውን እየጎተተ በጥበቃው አጠገብ አልፎ ገባ። የኮንትራቱ መኪና ከአውሮፕላኑ የወረዱ ሁለት ሠራተኞች ጭኖ ወደ ከተማ ተመለሰ።

ኦፒው ወደ ዛፉ ሲመለስ ጩዎል ጫማውን አጥልቆ ቆሟል። "ምን አለህ?"

"ጥሩ ነው አለ።"

"ስሜን ጻፈው?"

"ጻፈው።"

"ከነአባቴ?"

"ከነአባትህ።"

ጩዎል ፊቱ በራ። ረጅም ሰው ሲደሰት ደስታው ከላይ እስከ ታች ለመውረድ ጊዜ ይወስዳል፤ ኦፒው ዝም ብሎ ሲወርድ አየው። "ልጆች ስልክ ላይ ይፈልጉታል" አለ ጩዎል። "ትልቋ ማንበብ ጀምራለች። 'አባዬ የታለ?' ትላለች፤ አሳያታለሁ።"

ኦፒው ጊታሩን ወደ ቦርሳው ሲያስገባ ዚፑ ያዘበት። ጎተተው፤ እምቢ አለ። ግማሹን ከፍቶ ተወው።

"እንሂድ" አለ ጩዎል ቆርቆሮውን ብድግ አድርጎ። "አጅዋንግ እኛ ቤት ናት።"

"ማን?"

"አጅዋንግ! ስወጣ ገባች፤ ዓሣ ተሸክማ። ከኛዳክ ጋር እያበሰሉ ነው። 'ሁለቱን አንድ ላይ ይዘሃቸው ና' ብለውታል ሙሐመድኑርን።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከኔ ጋር ስለምትገባ ማንም ምንም አይልህም። በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ፣ ስትወጣም እሸኝሃለሁ።"

ሙሐመድኑር ሞተሩን አስነስቶ፣ "አርቲስቶች፣ ዓሣው ይቀዘቅዛል፣ ግቡ!" እያለ ጡሩንባ ነፋ። ጩዎል ታጥፎ ገባ። ለኦፒው ቦታ እንዲኖር ወደ ጥግ ተጠጋ፣ ቆርቆሮውንም ከመቀመጫው አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገው። ባዶውን ቦታ በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

"ና!"

ኦፒው አንድ እግሩን ባጃጁ ላይ አሳርፎ ነበር። አወረደው።

"እናንተ ሂዱ" አለ። "እኔ ሌላ መኪና እጠብቃለሁ።"

"የምን ሌላ መኪና?" ሙሐመድኑር አንገቱን አወጣ። "ሰው ሁሉ እኮ ሄዷል! አውሮፕላኑም ሊነሳ ነው፣ ከሱ ጋር ልትሄድ ነው?"

"ይመጣል አንድ።"

የጩዎል ዓይን ኦፒው ላይ እንዳለ እጁ ባዶው ቦታ ላይ ቀረ። ሞተሩ እየተንተከተከ ጠበቁት፤ ሙሐመድኑር አንዴ ጡሩንባ ነፋ፣ እንደገናም ነፋ። ኦፒው ጊታሩን ከትከሻው አውርዶ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ፣ ከዛፉ ሥር ተቀመጠ።